ባለቤቱ በሌሉበት፣ ቤቱ በሞላበት ሰዓት

ጥያቄው፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? ደብረ ማርቆስ ዋናው መንገድ ላይ ያለ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ሪሴፕሽን ነበርኩ፣ አሁን ምክትል ሥራ አስኪያጅ አድርገውኛል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። በመጡ ቁጥር "ማኔጅመንቱ ደካማ ነው" ብለው ይሄዳሉ፣ ምኑ እንደደከመ ግን አይነግሩኝም። ትልልቅ ኃላፊዎች በአገልግሎት ሥራ ጥሩ ማኔጅመንት የሚሉት ምኑን ነው? ኮርስ ልውሰድ ወይስ ሌላ ነገር አለ?»

መልስ፦

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ለሹመቱ አበቃህ። ከነራስ ምታቱ እንደመጣልህ ከጥያቄህ ያስታውቃል።

ባለቤቱ ምኑ እንደደከመ ያልነገሩህ ሊደብቁህ ፈልገው አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ እሳቸውም አያውቁትም። ከመኪና ይወርዳሉ፣ ዞር ዞር ይላሉ፣ የሆነ ነገር ቅር ይላቸዋል። ለዚያ ነገር ስም ሲያጡለት «ማኔጅመንቱ» ይሉታል። የሽንት ቤት ሳሙና ሊሆን ይችላል፣ የካሸሯ ፊት ሊሆን ይችላል፣ ያለፈው ወር ገቢ ሊሆን ይችላል።

እኔ ኑሮዬ ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ሆቴሎችን፣ ክሊኒኮችንና መሰል ቤቶችን ማማከር ስለሆነ ከባለቤቶችና ከሥራ አስኪያጆች ጋር ብዙ አወራለሁ። ጥሩ ማኔጅመንት ምንድን ነው ስትላቸው የመጀመሪያው መልስ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ቁጥጥር፣ ዲሲፕሊን፣ ሪፖርት በሰዓቱ። ዝም ብለህ ከሰማሃቸውና ቡናው ሁለተኛ ከተቀዳ በኋላ ግን ሌላ መልስ ይመጣል። ፋሲካን ከቤተሰባቸው ጋር ውለው ስልካቸው ሳይጮህ ቢያድር ይመኛሉ። እውነተኛው መልስ ይሄ ነው። በልባቸው ጥሩ የሚሉት ሥራ አስኪያጅ፣ ቤቱ ጢም ብሎ በሞላበት፣ እሱም እሳቸውም በሌሉበት ሰዓት ነገሩ የሚሄድለትን ነው። ሪፖርቱ፣ ዩኒፎርሙ፣ የጠዋት ስብሰባው፣ ሁሉም ለዚያች ሰዓት ካልጠቀመ ጌጥ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገርህ። ቡሬ ላይ ዘይት የሚያመርት ሰው የተበላሸ ጀሪካን ቢወጣበት ከመጋዘን ሳይወጣ ለይቶ ያስቀረዋል። አንተ ግን መጋዘን የለህም። አስተናጋጇ ለእንግዳው የምትሰጠው መልስ የሚሠራው እዚያው ፊቱ ላይ ነው፣ የሚበላውም እዚያው ነው። መርምረህ የምታስቀረው ነገር የለም። ዛሬ ማታ ያልተከራየ ክፍልም ለነገ አይቀመጥም፣ ቀለጠ በቃ። የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ የኤስኤኤስ ኃላፊ የነበረው ያን ካርልሰን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። በዓመት 10 ሚሊዮን መንገደኛ አላቸው፤ እያንዳንዱ አምስት ያህል ሠራተኞቻቸውን ያገኛል፤ አንዱ ግንኙነት በአማካይ 15 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ በዓመት 50 ሚሊዮን ጊዜ ይፈተናል ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ጊዜ ለ15 ሰከንድ። ታዲያ በ50 ሚሊዮኑ ቦታ ላይ አለቃ ማቆም ይቻላል? አይቻልም። አለቃው ማድረግ የሚችለው አስቀድሞ ማዘጋጀት ብቻ ነው።

አሁን አንድ የማይወደድ ነገር ልጨምር። ኃላፊዎች ጥሩ የሚሉት ሁሉ ጥሩ አይደለም። በፈረንጆቹ 1985 ፓራሱራማን፣ ዘይታምልና ቤሪ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የአራት ዓይነት አገልግሎት ድርጅቶችን ኃላፊዎች ጠየቁ። ባንክ፣ ክሬዲት ካርድ፣ የአክሲዮን ደላላ፣ የዕቃ ጥገና። ከዚያ ለብቻ ደንበኞችን ሰብስበው አወያዩ። ሁለቱ ወገኖች ስለ ጥሩ አገልግሎት የሚያስቡት አልገጠመም። በጣም የምወደው የባንኩን ነው። የባንክ ደንበኞች በየውይይቱ «ምስጢሬ ይጠበቅ» ሲሉ፣ ኃላፊዎቹ ግን ይህን ነገር ያነሱት ከስንት አንዴ ነው። የጥገናው ደግሞ ያስቃል። ኃላፊዎቹ የድርጅታቸው ትልቅነት የሚያኮራ ነገር ነው ብለው ሲያስቡ፣ ደንበኞቹ ጥሩ ሥራ የሚጠብቁት ከትንንሾቹ ጠጋኞች ነበር።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስልህ። እኛ አገር ባንክ ገብተህ ብር ስታወጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ በሙሉ ድምፁ «መቶ ሃምሳ ሺህ ነው ያሉት?» ይላል። ከኋላህ ያለው ወረፋ በሙሉ ቀና ይላል። የዳንግላ ገበሬ በሬ ሸጦ የመጣ ቀን ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም። የቅርንጫፉ ኃላፊ ግን ቢሮው ውስጥ ሆኖ አንድ ሰው በስንት ደቂቃ እንደተስተናገደ ነው የሚቆጥረው። ሪፖርቱ አረንጓዴ ነው፣ ሰውየው በላብ ተጠምቆ ወጥቷል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራህ ባለቤቱ ቅር ያላቸውን ብቻ ማሳደድ አይሁን። እንግዳው ቅር ያለውን እወቅ፣ ከዚያ ለባለቤቱ በእሳቸው ቋንቋ፣ ማለትም በብር አስረዳ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፣ ብዙም ሩቅ አይደለም።

እንግዳ ከምንም በላይ የሚፈልገው ያልከውን እንድታደርግ ነው። እነዚያው ተመራማሪዎች በኋላ ደንበኞችን 100 ነጥብ ለአምስት ነገሮች አከፋፍሉ ብለዋቸው ነበር። የተባለውን በተባለው መንገድ መፈጸም 32 አገኘ፣ ከሁሉም በላይ። ሕንፃው፣ ዕቃው፣ ዩኒፎርሙ፣ ማለት በዓይን የሚታየው ነገር ደግሞ 11፣ ከሁሉም በታች። እኛ ጎጃም ውስጥ ሆቴል ስንሠራ ገንዘቡን የምናፈስበትን ቦታ አስበው። መስታወት፣ ግራናይት፣ ሎቢው ላይ የሚንጠለጠል ትልቅ መብራት። ከዚያ በሻወሩ ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣል።

የሙቅ ውሃውን ነገር ልያዘው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ሪሴፕሽን ላይ «ሙቅ ውሃ 24 ሰዓት» ይላል። የደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። እንግዳው ከመንገድ ደክሞ መጥቶ ልብሱን አውልቆ ቆሟል። መብራት ማታ ጠፍቶ ስለነበር ቦይለሩ አልሞቀም። ይደውላል። ልጅቷ «አሁን ይመጣል፣ ትንሽ ይታገሱ» ትላለች። እንደማይመጣ እሷም ታውቃለች። እንግዳው በፎጣ እንደተጠቀለለ ይጠብቃል። ጥሩ ሥራ አስኪያጅ እዚህ ጋ ምን ያደርጋል? አዲስ ቦይለር ለማስገዛት ባለቤቱን የሚለምን አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱን ይቀይራል። «ሙቅ ውሃ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 3፣ ማታ ከ12 እስከ 4» ይላል፣ ለእነዚያ ሰዓቶች ጄኔሬተሩ እንዲነሳ ያዛል፣ መብራት ከጠፋ ወጥ ቤት በባልዲ የሚያሞቅ ሰው በስም ይመድባል። ትንሽ ቃል ገብቶ ሙሉውን ይፈጽማል። እንግዳው ቀን በ9 ሰዓት ሙቅ ውሃ ባያገኝ አይቆጣም፣ አስቀድመህ ነግረኸዋላ። የሚያንገበግበው «አሁን ይመጣል» የሚለው ነው።

(በነገራችን ላይ መንግሥት መሥሪያ ቤትም ይሄው ነው። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል፣ ይህ ጉዳይ በ20 ደቂቃ፣ ያኛው በ45 ደቂቃ ይላል። መስኮቱ ላይ ግን ሰው የለም፣ ስብሰባ ነው። ያ ወረቀት ባይሰቀል ኖሮ ሰው እንዲያ አይናደድም ነበር እላለሁ።)

ቤቱ ወደሚሞላበት ሰዓት ልምጣ። ያንተ ሆቴል መንገድ ዳር ነው ብለሃል፣ ስለዚህ የምሳ ሰዓት ታሪክህን ሳትነግረኝ አውቀዋለሁ። ከአዲስ አበባ የተነሳ አውቶቡስ ይቆማል። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንዴ ይወርዳል። ግማሹ ሽንት ቤት፣ ግማሹ ወንበር ፍለጋ። ሹፌሩ ግማሽ ሰዓት ብሏል። አስተናጋጆቹ አምስት ከሆኑ አምስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይረባረባሉ፣ ጥግ ላይ ያሉ እናት ግን ማንም አላያቸውም። አንዱ ሽሮ ያዛል፣ አንዱ በያይነት፣ አንዱ ጥብስ፤ ጥብሱ ሲመጣ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ሰውየው ሁለት ጎርሶ ትቶት ይሮጣል። አንተ ከፍሏል ብለህ ትተኛለህ። እሱ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ፍኖተ ሰላም እስኪደርስ ቢርበውም ያንተ ቤት አይወርድም።

ይህ ሁሉ አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። የረዳቱን ስልክ ያዝ። ረዳቱና ሹፌሩ መቼም በነፃ ነው የሚበሉት፣ ለምሳው ውለታ ደጀን ሲደርሱ አንድ ጊዜ ይደውልልህ፣ ስንት ሰው እንደጫነ ይንገርህ። ከደጀን ማርቆስ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ወጥ ቤቱ ለመዘጋጀት ይበቃዋል። ለአውቶቡስ እንግዳ ለብቻው አጭር ሜኑ አድርግ፣ ቶሎ የሚወጣ አራት ዓይነት ምግብ፣ በቃ። ጥብስ የፈለገ «ይቆያል፣ አይደርስልዎትም» ይባል። እያንዳንዱ አስተናጋጅ የራሱ ጠረጴዛዎች ይኑሩት፣ የእገሌ ተብለው የታወቁ። ሂሳቡ ምግቡ ሲቀርብ አብሮ ይምጣ። ያኔ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው አይሮጥም፣ ወይም ከፍሎ ነው የሚሮጠው።

ሂሳብ ካልኩ አይቀር፣ እዚህ ጋ አንድ የሒሳብ ሕግ አለች፣ ለባለቤቱ ብታሳያቸው የሚወዷት። ጆን ሊትል የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1961 ያረጋገጣት ናት፤ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚኖረው ሰው ብዛት፣ በሰዓት የሚገባው ሰው ብዛት ሲባዛ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ቀላል ናት። ለምሳ በአንድ ሰዓት 60 ሰው ይመጣል እንበል። አንዱ ሰው 40 ደቂቃ ከቆየ 40 ወንበር ያስፈልግሃል። አሁን ያው ሰው በልቶ ጨርሶ ሂሳብ ለመክፈል ሌላ 10 ደቂቃ ተጎለተ እንበል። ቆይታው 50 ደቂቃ ሆነ፣ 50 ወንበር ያስፈልግሃል ማለት ነው። ያቺ የሂሳብ መጠበቂያ ብቻ 10 ወንበር በላች። ባለቤቱ አዳራሽ ላስፋ ብለው ባንክ ብድር ሲጠይቁ፣ አሥሩ ወንበር እዚያው ካሸሯ ጋ ነበረ።

ካሸሯ ጋ ምን እንደሚያዘገይ ደግሞ አንድ ቤት ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገርህ፣ የቤቱ ስም ይቅር። እንግዳው በቴሌብር ከፈለ። ገንዘቡ የሚገባው ባለቤቱ የግል ስልክ ላይ ነው። ባለቤቱ የሉም። እንግዳው ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው ተልኳል» ይላል። አስተናጋጁ ስልኩን ተቀብሎ ወደ ካሸሯ ይዞት ይሄዳል፣ ካሸሯ በራሷ ስልክ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ባለቤቱ ጋ ትደውላለች፣ አያነሱም። ሰውየው ስልኩ ሰው እጅ ላይ ስለሆነ መቀመጥም መሄድም አልቻለም፣ መሀል ላይ ቆሟል። ከኋላው ሦስት ሰው ቦኖ ይዞ ተሰልፏል። በመጨረሻ ባለቤቱ መልሰው ደወሉ፣ «ገብቷል»። ባለቤቱ ይህን ቁጥጥር ይሉታል። ሌባ መከላከላቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም፣ የሐሰት ማረጋገጫ የሚያሳይ ሰው ሞልቷል። ግን መፍትሔው በድርጅቱ ስም የነጋዴ ቁጥር ማውጣትና መልእክቱ ካሸሯ ፊት ባለ ስልክ ላይ እንዲገባ ማድረግ ነው። ገንዘቡን እሷ ማውጣት አትችልም፣ መግባቱን ግን ታያለች። ቁጥጥሩም አልላላም፣ ወረፋውም አለቀ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ከባለቤቶች ጋር በጣም የምንከራከርበት ነው፣ ሥልጣን። የስቶር ቁልፍ የማን ኪስ ውስጥ ነው? እንግዳ ውሃ ያዛል፣ ፍሪጁ ባዶ ነው፣ ስቶር ኪፐሩ ምሳ ወጥቷል። ውሃው ግድግዳው ማዶ በካርቶን ተደርድሯል! አስተናጋጇ «ውሃ አልቋል» ትላለች፣ ምን ታድርግ። ወይም እንግዳው ጠዋት ተነስቶ አልጋው ውስጥ ቁንጫ ነበር፣ እንቅልፍ አልተኛሁም ይላል። ሪሴፕሽኗ «ሥራ አስኪያጁ ሲመጡ ያናግሯቸው» ትላለች። ሰውየው መኪናው እየሄደበት ነው፣ ሥራ አስኪያጁን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ተሳድቦ ይሄዳል፣ ወይም ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ዝም ብሎ የሚሄደው ይብሳል።

ሪትዝ ካርልተን የሚባለው የሆቴል ድርጅት ማንኛውም ሠራተኛ፣ ክፍል የምታጸዳዋም ጭምር፣ የአንድን እንግዳ ችግር ለመፍታት አለቃ ሳይጠይቅ እስከ 2,000 ዶላር እንዲያወጣ በመፍቀድ ይታወቃል። ይህን ለአንድ ባለሆቴል ብትነግረው ሳቅ ይቀድመዋል፣ ከዚያ «የእኔ ሠራተኛ በሳምንት ቤቱን ይሸጠዋል» ይላል። እሺ፣ 2,000 ዶላሩን ተወው። የአንድ ሌሊት ኪራይ ይሁን። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሰው፣ ጥፋቱ የቤቱ መሆኑ ከታወቀ፣ ያንን ሌሊት በነፃ ማድረግ ይችላል፣ መዝገብ ላይ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል። አስተናጋጅ የተበላሸ ምግብ ሳይከራከር ይመልሳል። መዝገቡን አንተ በየሳምንቱ ታየዋለህ። የሚሰርቅ ሰው ካለ እዚያ ላይ ይታያል፣ የአንዱ ልጅ ስም ይደጋገማላ። እንዲያውም ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። በወር ውስጥ 207 ቁጥር ክፍል አራት ጊዜ ነፃ ከሆነ፣ ችግሩ የሠራተኛ ሳይሆን የፍራሽ እንደሆነ ታውቃለህ። እስከ ዛሬ ይህ ወሬ በእንግዳው ሆድ ውስጥ ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነበር።

ወሬ አይወጣም ያልኩት በተለይ የእኛ አገር ነገር ነው። የጎጃም ሰው እንግዳ ሆኖ ሲቀመጥ አያማርርም። ወጡ ጨው በዝቶበት «እንዴት ነበር አያ?» ስትለው «ተመስገን፣ ጥሩ ነው» ይልሃል። ጨዋነት ነው። ከዚያ ግን አይመለስም፣ ለዘመድ ወዳጁም ይነግራል። ሠራተኛውም እንዲሁ ነው፣ ለአለቃ ክፉ ወሬ ይዞ መግባት አይወድም፣ «ሁሉ ሰላም» ይላል። የአስተያየት መስጫ ሳጥን የምትለዋን ነገር አትመካባት፣ በየቤቱ አለች፣ ቁልፏ ከጠፋ ቆይቷል። ይልቅ ጥያቄህን ቀይር። «እንዴት ነበር?» አትበል፣ መልሱ የታወቀ ነው። «ለሚቀጥለው ምን ብናስተካክል ይሻላል?» በል። ያኔ ያው ጨዋ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «እንግዲህ... ፍራሹ ትንሽ ጎበጥ ይላል» ይልሃል። ሠራተኞችን ደግሞ ጠዋት ስታገኛቸው ስለ ጥፋት ሳይሆን ትናንት ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቅ። የመጀመሪያውን ሳምንት ዝም ይላሉ። ክፉ ወሬ ያመጣውን የመጀመሪያ ሰው ፊት ላይ ካልጮህክበት ሁለተኛው ይመጣል። ከጮህክበት ግን ሌላ ዓመት ሙሉ ሁሉ ሰላም ነው።

ሠራተኛ ማቆየት። ይሄ ላይ ኃላፊዎች በአፋቸው ይስማማሉ፣ በእጃቸው ግን ዳተኛ ናቸው። ከአሜሪካ ፈጣን ምግብ ቤቶች አንዱ፣ ታኮ ቤል፣ ቅርንጫፎቹን ሲያነጻጽር ሠራተኛ በጣም የማይለቅባቸው 20 በመቶዎቹ፣ በጣም ከሚለቅባቸው 20 በመቶዎቹ እጥፍ ሽያጭ ነበራቸው፣ ትርፋቸው ደግሞ በ55 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሠራተኛ የሚቆየው ሽያጩ ጥሩ ስለሆነ ነው የሚል ይኖራል፣ እውነትም ሁለቱ ይመጋገባሉ። ግን አንተ ቤት ያለውን አስበው። አንዲት አስተናጋጅ ስድስት ወር ሠርታ የደንበኛውን ፊት ለይታ፣ «ጋሼ ማኪያቶው ጠቆር ይበል አይደል?» ማለት ስትጀምር ማዶ ያለው ካፌ ትንሽ ጨምሮ ይወስዳታል። ባለቤቱ «ሌላ ልጅ ሞልቷል» ይላሉ። ልጅ ሞልቷል፣ ማኪያቶው ጠቆር ማለት እንዳለበት የምታውቅ ልጅ ግን የለችም።

ደመወዝ መጨመር ያንተ ሥልጣን ላይሆን ይችላል። የሚከተሉት ግን ያንተ ናቸው። የሺፍት ፕሮግራም ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይለጠፍ፣ ሰው ልጁን ማን ጋ እንደሚያስቀምጥ ይወቅ። የሠራተኛ ምግብ የእንግዳ ትራፊ አይሁን። ሰርቪስ ቻርጅ የምትቀበሉ ከሆነ የወሩ ድምርና አከፋፈሉ ይለጠፍ። ከዚህ በላይ ቤት የሚያፈርስ ሐሜት አላየሁም፤ ደረሰኙ ላይ 10 በመቶ ተብሎ እንግዳው እየከፈለ፣ ልጆቹ ግን የት እንደሚሄድ አያውቁም። የትርፍ ሰዓቱን ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ መሠረት አስብ፤ በሳምንት 48 ሰዓት ነው መደበኛው፣ በሕዝብ በዓል ትርፍ ሰዓት ያሠራኸው ሰው ለዚያ ሰዓት ሁለት ተኩል እጥፍ ይገባዋል። ጥምቀትና ፋሲካ ላይ ሌላው ዘመዱ ጋ ሆኖ አንተ ጋ ትሪ ተሸክሞ ለሚውል ልጅ ይህ ቸርነት አይደለም፣ ሕግ ነው።

ስለ በዓል ካነሳን፣ የእኛ አገር እንግዳ ብዛት በካላንደር የሚታወቅ ስለሆነ በድንገት ደረሰብኝ የሚባል ነገር የለም። ረቡዕና ዓርብ ወጥ ቤቱ ሌላ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ክፍሉ ተኝቶ የጾሙ ወጥ ቤት ይጨናነቃል። ከትንሣኤ በኋላ ሠርግ ይመጣል። ጥር 11 ጥምቀት አለ፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲሆን አልጋ ፍለጋ የሚዞረው ሰው መንገዱን ሁሉ ይሞላል፣ አንተም ጋ ይደርሳል። እንግዲህ የዓመት ፈቃድ መቼ ይሰጣል? ሥጋ ቤት ላይ ያሉት በሁዳዴ ይውጡ። ሪሴፕሽን በክረምት ይውጣ። ጥር ላይ ማንም አይውጣ፣ ይህንንም በመስከረም ንገራቸው እንጂ በታኅሣሥ መጨረሻ አትንገራቸው። መንገድ ሲዘጋና ወሬው ሲከፋ ደግሞ ይህ ሁሉ ይገለባበጣል፣ ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ከመቀነስ በፊት ፈቃዱን ማስጨረስና ክፍል ማደስ ይቀድማል። ጸጥታው ሲመለስ የሠለጠነ ሰው ያለው ቤት ነው ቶሎ የሚነሳው።

ባለቤቱን እንዴት ትቀርባቸዋለህ ለሚለው፣ በሚቀጥለው ሲመጡ ቀድመህ ያዛቸው። ዙረው ሳይጨርሱ። የሳምንቱን ገቢ ብቻ ይዘህ አትግባ፣ እሱን በስልክም ያገኙታል። ሌላ አንድ ገጽ ወረቀት ይኑርህ፦ ስንት እንግዳ ዳግም መጣ፣ ስንት ሰው አጉረመረመ በምን፣ ስንት ሠራተኛ ለቀቀ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሂሳብ ስንት ደቂቃ ፈጀ። ደቂቃውን ቁጭ ብለህ በሰዓት ለካ፣ በግምት አይሁን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው። ሁሉንም በአንድ ቀን ከጠየቅህ «ይሄ ልጅ ገና ከመሾሙ ቤቴን ሊወርሰኝ ነው» ነው የሚሉት፣ እኔም ብሆን እላለሁ። እኔ ካሸሯ ጋ በሚገባው ስልክ እጀምር ነበር። ወጪው ትንሽ ነው፣ ገንዘባቸው ላይ ያላቸውን ዓይን አይነካም፣ ውጤቱ ደግሞ በሳምንት ይታያል። እሱ ሲሳካ የስቶሩን ቁልፍ፣ ቀጥሎ የአንድ ሌሊቱን ነፃ ሥልጣን። ሦስተኛው ላይ ይቆጣሉ። ቆይተህ መዝገቡን ይዘህ ተመለስ።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንተ ራስህን ፈትን። ምሳ ሰዓት ላይ፣ አውቶቡስ በሚመጣበት ቀን፣ ስልክህን ዘግተህ ከሆቴሉ ውጣ። ማዶ ካለ ካፌ ሆነህ ተመልከት። አስተናጋጆቹ ስንት ጊዜ ወደ ቢሮህ በር እንደሚያዩ ቁጠር። እያንዳንዷ ዕይታ አንተ ሳትወስንላቸው የቀረህ አንድ ነገር አለች ማለት ነው። ማታ ጠርተህ ጠይቃቸው፣ ምን ፈልገው እንደነበር ይነግሩሃል።

ኮርሱን በሚመለከት፣ ውሰድ። የወጪ ቁጥጥርና የምግብ ዋጋ አተማመን ላይ በተለይ ይጠቅምሃል፣ ያንን በልምድ ብቻ ለመማር ብዙ ብር ይበላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቱሪዝምና ሆቴል ማኔጅመንት ትምህርት አለው፣ አጫጭር ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትም አሉ። «ሊደርሺፕ» የሚል ርዕስ ይዞ ሁለት ቀን አዳራሽ ውስጥ አስጨብጭቦ ሰርተፊኬት ለሚሰጥህ ግን ብርህን አትስጥ። ጊዜውን በክረምት አድርገው፣ ሐምሌ ላይ እንግዳው ሳሳ ሲል። አሁን ትተሃቸው ብትሄድ ከትንሣኤ በኋላ ያለው የሠርግ ወረፋ ያለ አንተ ይገባል፣ ባለቤቱም ያን ጊዜ ምኑ እንደደከመ በደንብ ይነግሩሃል።